ሚስ ሳራማ እህቴን ያነሣች ቀን

አሁን አሁን ታክሲ ውስጥ ስገባ፣ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ከሴት ልጆች ጋር ስተላለፍ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ስይዝ ያ ሽታ ይመጣብኛል። የኮኮናት ዘይት ሽታ። የዛሬ ልጆች ፀጉራቸውን ይቀቡታል፤ በየሱቁ ተደርድሯል፤ ማንም አይደነቅበትም። እኔ ግን ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ እንኳ ሽታው ሲያገኘኝ እግሬ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ ከኋላዬ ደርሳ፣ "ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ? ዘንቢሉን ልያዝልዎት?" አለችኝ። "አልደከመኝም ልጄ፤ ፀጉርሽ ነው ያቆመኝ" ብላት ደንግጣ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ምን ብዬ ላስረዳት? በኔ ጊዜ በልደታ ሰፈር እንዲህ የሚሸት አንድ ራስ ብቻ ነበር። የህንዷ መምህርት፣ የሚስ ሳራማ። ኋላ ሁለት ሆነ። ሁለተኛው የእህቴ የጽጌ ነው።

ዛሬ ፎቆቹ የተደረደሩበት ቦታ ያኔ የጭቃ ቤት ሰፈር ነበር። የኛ ግቢ አምስት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ኮክ ዛፍ ነበረው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ከሰንጋ ተራ በኩል የሚነሣው አቧራ የተሰጣ ልብስ ያበላሻል። ሰንጋ ተራ ሰንጋ መሸጡን ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ በምትኩ ቡና ቤቶች በቅለውበታል። አንዱ ቡና ቤት ጁክቦክስ ስለነበረው ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሩ ላይ ቆመን ሌላ ሰው በከፈለበት ዘፈን እንደሰታለን። ዳቦ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ስሙኒ በኪሱ የያዘ ጎረምሳ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ፀጉሬን አፍሮ አሳድጌ፣ ከታች ሰፋ ያለ ቴትሮን ሱሪ አሰፍቼ፣ ሱሪውን ማታ ማታ ከፍራሼ ሥር አንጥፌ እየተኛሁ እተኩሰው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፎቶዬን አይተው ይስቃሉ። ይሳቁ። በዚያ ሱሪ ያላየኋት የልደታ ቆንጆ የለችም።

አባታችን ጽጌ አፏን ሳትፈታ ነው የሞተው። እናታችን ወይዘሮ የሺመቤት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ሁለታችንን አሳደገች። ጽጌ በአራት ዓመት ታንሰኛለች፤ ዛሬም ድረስ "ወንድም ጋሼ" ነው የምትለኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጠያቂ ልጅ ነበረች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች አንድ ቀን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ መሃል ተዘርራ ወደቀች። እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ አፏ አረፋ ይደፍቃል። ልጆቹ እንደ ወፍ ተበተኑ። አንዱ መምህር "እንዳትነኳት!" ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋ። ስትነቃ ዙሪያዋ ባዶ ሜዳ ነበር፤ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ይህ ሁለቴ ሦስቴ ሲደጋገም ዲሬክተሩ እናቴን አስጠሩና፣ "ልጆቹ እየደነገጡ ነው። እስክትድን ቤት ትቆይ" አሏት። እስክትድን የምትለው ቃል ቀላል ትመስላለች። ጽጌን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቤት አስቀመጠቻት።

እናቴ ያላደረገችው ነገር የለም። ጸበል አስጠመቀቻት፤ ይህን አልነቅፍም፤ ጽጌም ብትሆን እስከ ዛሬ ጸበሏን አልተወችም። ሆስፒታልም ወስዳታለች። ሐኪሙ ነጭ ክኒን አዞ "በየቀኑ" ብሏት ነበር። እናቴ ግን ክኒኑን እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ጽጌ በወደቀች ቀን ብቻ ትሰጣታለች፤ የቀረውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣለች። "ጤነኛ በሆነችበት ቀን ምን ብዬ መድኃኒት ላስውጣት?" ትላለች። ይህን ስሕተት አላየንላትም፤ እኔም አሥረኛ ክፍል ደርሼ ትክክል መስሎኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጽጌ ጓዳ ትገባለች። እናቴ "ግቢ" ብላት አይደለም፤ በራሷ ጊዜ ተነሥታ ነው የምትገባው። ይህ ነበር ይበልጥ የሚያመኝ።

ሚስ ሳራማ ወደ ግቢያችን የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ከደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ከሚባል አገር። ያኔ በየትምህርት ቤቱ የህንድ መምህራን ነበሩ፤ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። እሷም ጽጌ በተባረረችበት ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ልታስተምር ተቀጥራ፣ በረንዳ ያላቸውን ሁለቱን የፊት ክፍሎች ተከራየች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሹሩባዋ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። ሐምሌ ሲበርዳት ከሳሪዋ ላይ የወንድ ሹራብ ደርባ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ጭቃውን በሸራ ጫማ እየዘለለች ትሄዳለች። አማርኛዋን ከተማሪዎቿ ስለለቀመች ወንድና ሴት አትለይም። እናቴን "እማማ፣ አንተ ደህና አደርክ?" ትላታለች። እናቴም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ደህና አደርኩ ልጄ" ትላታለች። እሑድ እሑድ ነጠላ ለብሳ ከኛ ጋር ልደታ ትሳለማለች፤ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ በአገሯ እንደኛ ያለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ስትነግረን እናቴ ለሳምንት ያህል ስታወራው ሰነበተች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጽጌ ቧንቧው ሥር ልብስ ስታጥብ ወደቀች። ሳፋው ተገለበጠ፤ የሳሙናው ውኃ በግቢው ፈሰሰ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ እንደ ልማዷ ክብሪት ልታመጣ ሮጠች። ሌሎቹ በየደጃፋቸው ቆሙ። ሚስ ሳራማ ከበረንዳዋ ወርዳ፣ ሹሩባዋ በግማሹ ተፈትቶ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከከች። ሹራቧን አውልቃ ከጽጌ ራስ ሥር አደረገች፤ የአንገቷን ቁልፍ ፈታች፤ ሳፋውን በእግሯ ገፋች። አልያዘቻትም፤ አፏ ውስጥም ምንም አልከተተችም። ትኩር ብላ የእጅ ሰዓቷን ብቻ ታያለች። መንቀጥቀጡ ረገብ ሲል በጎኗ አስተኛቻት። እትዬ ብርቄ ክብሪቷን ጭራ ስትቀርብ፣ "እሳት አጥፋ!" ብላ ጮኸችባት። ከዚያ በሳሪዋ ጫፍ የጽጌን አረፋ ጠረገች። ግቢው ሁሉ "ኧረ በስመ አብ!" አለ።

"ሚስ፣ ይጋባብዎታል!" አለች እትዬ ብርቄ።

"እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ይሄን ነካሁ። ብዙ ጊዜ። ይኸው፣ አለሁ" አለች ሚስ ሳራማ፣ ቀና ሳትል።

ጽጌ ዓይኗን ስትገልጥ ራሷ የሰው ጭን ላይ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከወደቀች በኋላ ስትነቃ ከአፈርና ከክብሪት ጭስ ሌላ ነገር ያሸተተችው ያን ቀን ነው። የኮኮናት ዘይት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስታችንንም በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ታሪኳን ነገረችን። አማርኛዋ ሲያልቅ በእንግሊዝኛ ትቀጥላለች፤ እኔ እየሰባበርኩ አስተረጉማለሁ። አባቷ የባህል ሐኪም ነበሩ። ሕክምናቸው አዩርቬዳ ይባላል፤ የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው አለችን፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ በመጽሐፍ የተጻፈ። የሚጥል በሽታን በነሱ ቋንቋ አፓስማራ ይሉታል። ትርጉሙን ስትነግረኝ የምተረጉምበት ቃል አጣሁ። "ሲታወስ የኖረ ነገር ሲጠፋ" አለች። በመጨረሻ ለእናቴ፣ "ትዝታ ማጣት ማለት ነው እማዬ" አልኳት። እናቴ ጽጌን አየቻት። "እውነት ነው፤ ስትነሣ ስሟን እንኳ ቶሎ አታስታውስም" አለች።

እንደ አባቷ ትምህርት ሰውነት ላይ የሚሠሩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ንፋስ፣ ሐሞትና አክታ። ሲስማሙ ጤና ነው፤ ሲጣሉ በሽታ። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሆዱ ባዶ ሲውል፣ ሲደነግጥ፣ ሲያዝን ይጣላሉ፤ ያኔ ልቡና ይጨልማል፤ ሰውየው ይወድቃል። ስለዚህ አባቷ የሚወድቅ ሰው ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት "ስንት ሰዓት ተኛ? ምን በላ? ከመውደቁ በፊት ምን አየ? ማን አስቆጣው?" ብለው ነው። ከዚያ በአገራቸው ረግረግ ላይ የሚበቅል ቅጠል በቅቤ አንጥረው ያጠጣሉ።

የእናቴ ዓይን በራ። "እንግዲያው ያንን ቅቤ ሥሪልኝ። ቅቤውን እኔ አመጣለሁ።"

ሚስ ሳራማ ሹሩባዋን ወደ ደረቷ አምጥታ ጫፉን ትጠቀልለው ጀመር። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እኔም ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። ታናሽ ወንድም ነበራት። እንደ ጽጌ ይወድቅ ነበር። አባቷ በቅጠሉም በቅቤውም አከሙት፤ ቀነሰለት እንጂ አልተወውም። ከተማ ያለው ሆስፒታል ክኒን ሰጠው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ ቆየ። አባቷ ኩሩ ሰው ነበሩ፤ "ያዳነው የኔ ቅቤ ነው" ብለው ክኒኑን አስቆሙት። በሦስተኛው ሳምንት ኩሬ ዳር ሲሄድ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ብቻውን ነበር።

እናቴ ጥልፏን ከጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"አባቴ ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው ሁሉ ይሄን ነገረ" አለች ሚስ ሳራማ፣ አሁን በአማርኛዋ። "የኔ ዕውቀት እንዴት እንደምትኖር ያስተምራል። መውደቁን የሚይዘው ግን ክኒኑ ነው። አንዱ ሌላውን አይሰድብም። እማማ፣ አንተ ክኒኑን የት አስቀመጥክ?"

እናቴ ተነሥታ ቁልፏን ከመቀነቷ ፈታች። ሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ክኒን ሁሉ አምጥታ ፊቷ አስቀመጠች። ሚስ ሳራማ አልወቀሰቻትም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ከኛ ጋር ሆስፒታል ሄደች፤ ሐኪሙ መጠኑን እንደገና ወሰነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራዲዮ የምሽቱ ዜና ምልክት ሲሰማ ጽጌ ክኒኗን ትውጣለች። ጎረቤት ዜናውን ይሰማል፤ እኛ ክኒኑን እናስታውሳለን።

ለኔ ደግሞ ሥራ ሰጠችኝ። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝታ፣ "አባቴ የጠየቀውን ሁሉ በየቀኑ ጻፍ" አለችኝ። ስንት ሰዓት ተኛች፣ ቁርስ በላች ወይ፣ ክኒን ዋጠች ወይ፣ አለቀሰች ወይ፣ ወደቀች ወይ። ኋላ ማተሚያ ቤት ገብቼ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል ስለቅም ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ እንደዚያ ደብተር የምኮራበት ሥራ ግን አልሠራሁም። በሦስት ወር ውስጥ ነገሩ ከገጹ ላይ ወጥቶ ታየን። ጽጌ ክኒኗን እየዋጠችም የምትወድቀው ብዙ ጊዜ በጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ስትቆይ። ደግሞም ለማሕሌት አድራ በምትመጣበት ማግስት።

ይህ ለእናቴ ከበድ አለ። ጾም ማስገደፍ! ደብተሩን አስይዛኝ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። እሳቸው ጽሑፉን በመነጽራቸው ቀስ ብለው ካዩ በኋላ፣ "የሺመቤት፣ ጾም ለጤነኛ ነው የተሠራው። ልጅቷ በጠዋት ትብላ፤ ሌሊት ትተኛ። ጸሎቷን ቀን ታድርስ" አሏት። እናቴ መሬት ስማ ተነሣች። ወደ ቤት ስንመለስ አብነት ላይ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዛች፤ ወሩ የጾም ወር ነበር፤ ጽጌ በጠራራ ፀሐይ በመንገድ ላይ እየገመጠች መጣች። ሰዎች ያዩናል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሚስ ሳራማ ጽጌን በረንዳው ላይ ከእግሯ ሥር አስቀምጣ ከአገሯ ያመጣችውን ዘይት ራሷን ትቀባታለች። እኔም ሳይንስ ወዳድ ነበርኩና አንድ ቀን፣ "ሚስ፣ ይህ ደግሞ ለበሽታው ምን ይሠራል?" አልኳት። "መድኃኒት አይደለም" አለችኝ። "ግን ይህን ልጅ ማን ይነካል?" በሁለተኛው ወር እትዬ ብርቄ ከደጃፏ ተነሥታ መጣች፤ ትንሽ ካመነታች በኋላ፣ "ፀጉሯንማ እኔ ልሥራላት፤ አንቺ ሹሩባ አታውቂበትም" ብላ ጽጌን ከሚስ ሳራማ ተረከበቻት።

አዲሱ ዓመት ሲገባ ሚስ ሳራማ እናቴንና ጽጌን ይዛ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባች። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። "ክፍል ውስጥ ብትወድቅስ?" አሉ። "እኔ ክፍል ነች። እኔ አነሣለሁ" አለች ሚስ ሳራማ። "ወላጆች ቢከሱስ?" አሉ። ይሄን ጊዜ እናቴ፣ በሰው ፊት ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው እናቴ፣ ተናገረች። "ጌታዬ፣ እኔም እኮ ወላጅ ነኝ። እኔ የምከሰው ማንን ነው?" ዲሬክተሩ ብዕራቸውን አነሡ።

ጽጌ የቀረባትን የስድስተኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ሰባተኛ ክፍል ገባች። ሚስ ሳራማ የመጀመሪያውን የሳይንስ ክፍለ ጊዜ በአንጎል ጀመረችው፤ አንድ ልጅ ወለሉ ላይ አስተኝታ፣ የወደቀ ሰው እንዴት በጎኑ እንደሚደረግ አርባ ሁለቱንም ተማሪ በተራ አለማመደች። ኅዳር ላይ ጽጌ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ወደቀች። የጂኦግራፊ መምህሩ ጠመኔውን ጥለው ሲወጡ፣ ከፊት የተቀመጡት ሁለት ልጆች ወንበር ገፉ፣ ሹራብ አነጠፉ፣ በጎኗ አስተኟት። ስትነቃ አጠገቧ የነበረችውን ልጅ፣ "ስንተኛው ገጽ ላይ ነን?" አለቻት። ይህ ወሬ ሰፈር ከመድረሱ በፊት እናቴ ጋ ደረሰ። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ እንደገና ሳቀች። ከዚያ በኋላ መውደቁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጽጌ ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ወጣች። ውጤቱ የተለጠፈበት ግድግዳ ሥር እናቴ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቃ ጣቷን ረጅም ጊዜ አሳረፈችበት።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። የህንድ መምህራኑ ኮንትራታቸው እያለቀ አንድ በአንድ ሄዱ። ሚስ ሳራማም ሰማያዊና ነጭ ቀለም በተቀባች ትንሽ ታክሲ ሻንጣዋን ጭና ስትሄድ ግቢው ሁሉ ወጥቶ ሸኛት። እናቴ ስድስት ወር የጠለፈችውን ቀሚስ ሰጠቻት። ሚስ ሳራማ እዚያው ሳሪዋ ላይ ደርባ ለበሰችው። "እማማ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ" አለቻት። በዚያን ቀን ብቻ ትክክል ተናገረች። ጥቂት ደብዳቤ ተጻጻፍን፤ ከዚያ እኛም ቤት ቀየርን፣ እሷም አድራሻ ቀየረች መሰለኝ፣ ተቋረጠ።

ክፉ ጊዜዎች ነበሩ፤ ክኒኑ ከከተማው የጠፋበት ጊዜ። ከሜክሲኮ እስከ መርካቶ መድኃኒት ቤት እየቆጠርኩ በእግሬ ዞሬያለሁ። አንድ ቀንም ግን ጽጌ ሳትውጥ አላደረችም። ኋላ የመረመራት አንድ ወጣት ሐኪም ደብተሮቼን አገላብጦ፣ "ይህን ሁሉ ማን ጻፈው?" ብሎ ጠየቀኝ። ያዳናት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው "ክኒኑ ነው" አለኝ፤ ቀጠለና፣ "ክኒኑን ያላቋረጠችው ግን በናንተ ነው" አለ። እንቅልፉም፣ ቁርሱም፣ የሰው እጅም ድርሻ እንዳላቸው እኔ አልጠራጠርም። የቅጠሉን ነገር አላውቅም፤ ሚስ ሳራማም አውቃለሁ አላለችም።

ጽጌ መምህርት ሆነች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይንስ አስተማረች፤ አገባች፤ ሁለት ልጅ ወለደች። በየዓመቱ መስከረም አዲስ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ስሟን፣ ቀጥላ በሽታዋን ትናገራለች። "የሚጥል በሽታ አለብኝ። ብወድቅ እንዲህ ታደርጋላችሁ" ብላ ታሳያቸዋለች። አንድ ጊዜ፣ "ሳያውቁብሽ መኖር ትችያለሽ እኮ፤ ስንት ዓመትሽ ሳትወድቂ?" ብላት፣ "ወንድም ጋሼ፣ ከነሱ መሃል ጓዳ የምትገባ ልጅ ብትኖርስ?" አለችኝ።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉበት ወደተባለው ቤት ሁሉ ትሄዳለች። እኔ ምርኩዜን ይዤ እከተላታለሁ። ያለፈው ወር አብነት፣ ብየዳ ቤት ጀርባ ካለ አንድ ቤት ሄድን። ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ሊያ የምትባል ልጅ ናት። ወጣቷ እናት በአክብሮት ተቀብላን ሻይ አቀረበች፤ ለኔና ለጽጌ በብርጭቆ፣ ለራሷም በብርጭቆ፣ ለልጅቷ ግን ጥግ ላይ ከተቀመጠች አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ። ልጅቷ ኩባያዋን ለብቻዋ ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጽጌ ስለ ክኒኑ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቁርሱ እየተናገረች ሳለ ተነሥታ ልጅቷ ጎን ሄዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ታጠጪኛለሽ?" አለቻት።

ልጅቷ እናቷን አየች። "የኔ ነው እኮ" አለች በቀስታ።

"አውቃለሁ" አለች ጽጌ። ኩባያውን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ፉት አለችና ለእናትየው ዘረጋችላት። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ መሃል ላይ አቆመችው። ከዚያ ተቀበለችና ጠጣች፤ ስትጠጣ እንባዋ ኩባያው ውስጥ ገባ። ልጅቷ ተነሥታ እናቷ ጉልበት ላይ ተቀመጠች። ኩባያው ወደኔ ሲደርስ ከሥሩ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ጨለጥኩት። ስኳሩ በዝቶበታል፤ ሐኪሜ ቢያየኝ ይቆጣ ነበር።